የባለመውጊያ ሰፌድ ዓሣ መልክና ሕብር፤ የስያሜ ጥያቄዎችና የመፍትሔ ሐሳቦች

ስለ ባሕር እንስሳት የተጻፈ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የተነሣ ተርጓሚ ከሚቸገርባቸው ፍጥረታት አንዱ፣ በእንግሊዝኛ «ስቲንግሬይ» የሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። አማርኛ በደጋና በወይና ደጋ የጎለመሰ፣ ዓሣንም ከባሕር ይልቅ በሐይቅና በወንዝ የሚያውቅ ቋንቋ ነው። አምባዛን ከቆሮሶ ለይቶ ይጠራል፤ ጭንቅላቱና የጎን ክንፎቹ ተዋሕደው በአንድ ገጽ ለተዘረጉት፣ ጅራቱም እንደ ጅራፍ ለቀጠነው ለዚህ ዓሣ ግን በተናጋሪው ሁሉ ዘንድ የተለመደ ስም የለውም።

ክፍተቱ የሚመለከተው መዝገበ ቃላት አዘጋጁን ብቻ አይደለም። ዛሬ አማርኛ ተናጋሪዎች በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ይህ ዓሣ በሚገኝባቸው ባሕሮች ዳርቻ ጭምር ይኖራሉ፤ ይሠራሉ። በባሕር ዳር የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ፣ የሕክምና መመሪያ፣ የትምህርት መጽሐፍ ወደ አማርኛ ይመለስላቸዋል። ቃሉ ከተሳሳተ አንባቢው ከምን እንደሚጠነቀቅ፣ ያንንም በምን መልኩ እንደሚያውቅ አይረዳም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዓሣውን ቅርፅና ሕብር እያብራራ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የሚስማማውን ቃል ከአማርኛ ውስጥ መፈለግ ነው።

፩. ስለ ስሙ

በመጀመሪያ መወገድ ያለበት አንድ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝኛ የዓሣው ስምና የብርሃን ጨረር ስም በአጻጻፍም በአነባበብም አንድ ናቸው። በትውልድ ግን አይገናኙም። የዓሣው ስም «ራያ» ከሚለው የላቲን የዓሣ ስም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ የጨረሩ ስም ደግሞ «ራዲዩስ» ከሚለው፣ የመንኰራኵር ዘንግንና የብርሃን ፍንጣቂን ከሚያመለክተው ሌላ ቃል የወጣ ነው። ስለዚህ «ጨረር ዓሣ» ወይም «ተናዳፊ ጨረር» የሚል ትርጉም ሁለት ዲቃላ ያልሆኑ ቃላትን በድምፅ መመሳሰል ብቻ ያዛምዳል፤ አንባቢውንም ዓሣው ብርሃን ይረጫል ወደሚል ግምት ይመራዋል።

ሌሎች ቋንቋዎች ስሙን ከየት እንዳገኙት መመልከት ይጠቅማል። ጥንታውያን ግሪኮች «ትሪጎን» አሉት፤ ይኸው ቃል የዋኖስ ስም ነው። የዐረብ የሕክምና ጸሐፍት ይህንኑ ተከትለው «ሺፍኒን በሕሪ»፣ ማለትም የባሕር ዋኖስ ብለው ተረጐሙት። ሆላንዶች «ፓይልስታርትሮግ» ሲሉት ስሙ የጅራቱን ፍላጻነት ይናገራል። በስዋሂሊ «ታኣ» ይባላል፤ ፋኖስን የሚያመለክተው ቃልም በተመሳሳይ ድምፅ ይነገራል። ከዚህ የምንረዳው ስም ሰጪዎች ሁሉ በቅርብ ከሚያውቁት ነገር መነሣታቸውን ነው፤ ከወፍ፣ ከፍላጻ። አማርኛም ከራሱ ቤት መነሣት ይችላል።

የሳይንሱ ስም አወጣጥም ይህንኑ ይመሰክራል። ፔር ፎርስኮል የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ በዴንማርክ ንጉሥ በተላከው የዐረቢያ ጉዞ ውስጥ ሆኖ የቀይ ባሕርን ዓሦች ሲመዘግብ ቆይቶ በ1763 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በየመን ሞተ። ማስታወሻውን የጉዞ ጓደኛው ካርስተን ኒቡር በ1775 በኮፐንሃገን አሳተመው። በዚያ መጽሐፍ ከተመዘገቡት መካከል «ሊማ»፣ «ሴፌን» እና «ኡአርናክ» ይገኛሉ፤ የኋለኞቹን ሁለት ስሞች ፎርስኮል የወሰዳቸው በቀይ ባሕር ዳርቻ ከሚነገረው ዐረብኛ ነው። ዛሬ እነዚህ ዓሦች ቴኒዩራ ሊማ፣ ፓስቲናኩስ ሴፌን እና ሂማንቱራ ኡአርናክ ይባላሉ። የባሕር ዳር ሰው ቃል በላቲን ልብስ ዓለም አቀፍ ስም ሆነ ማለት ነው።

፪. ስለ ቅርፁ

ይህ ዓሣ ዐፅም የለውም፤ አካሉ የቆመው በቅርጫ ዓፅም ምትክ በሆነው ለስላሳ ልም አጥንት ነው፤ በዚህም የሻርክ ዘመድ ነው። የጎን ክንፎቹ ከጭንቅላቱና ከደረቱ ጋር ተዋሕደው አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ይሆናሉ። ይህን ገጽ በውጭ ቋንቋ «ዲስክ» ይሉታል። በአማርኛ ከ«ምጣድ»፣ ከ«ሰሌዳ» እና ከ«ሰፌድ» መምረጥ ይቻላል። ምጣድ ክብነትን ያሳያል፤ ነገር ግን ከባድና ግትር ነው። ሰሌዳ ጠፍጣፋነትን ያሳያል፤ ማዕዘኑ ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰፌድ ግን ሰፊ፣ ቀጭን፣ ቀላል፣ መካከሉ ከዳሩ የሚለይ ነው፤ ሲያበጥሩበትም ይርገበገባል። ዓሣውም የሚዋኘው የገጹን ዳር እንደ ሞገድ በማርገብገብ በመሆኑ፣ ቃሉ መልኩንም እንቅስቃሴውንም በአንድነት ይይዛል። ስለዚህ «ሰፌድ» ለዲስክ፣ «ሰፌድ ዓሣ» ለወገኑ ሁሉ እንዲሆን ይህ ጽሑፍ ሐሳብ ያቀርባል።

የሰፌዱ ቅርፅ በሁሉም አንድ ዐይነት አይደለም። የሊማ ሰፌድ ሞላላ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖሩት ወደ ፍጹም ክብ ይጠጋሉ፤ በርካታ የባሕር ዝርያዎች ደግሞ በማዕዘኑ እንደቆመ አራት ማዕዘን ናቸው። ተርጓሚው «ክብ ሰፌድ»፣ «ሞላላ ሰፌድ»፣ «ማዕዘናም ሰፌድ» እያለ ሊለያቸው ይችላል። ልኩም በርዝመት ሳይሆን በሰፌዱ ስፋት ይሰጣል፤ ምክንያቱም ጅራቱ ሊቈረጥ ስለሚችል ጠቅላላ ርዝመቱ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። የሊማ ሰፌድ ስፋት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በሌላው ጫፍ፣ በ2022 (እ.ኤ.አ.) በካምቦዲያ ከሜኮንግ ወንዝ የተያዘችው ኡሮጊምነስ ፖሊሌፒስ 300 ኪሎ ግራም ስትመዝን፣ ከነጅራቷ ወደ 4 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ነበራት።

የላይኛውና የታችኛው ገጽ አቀማመጥም ቃል ይጠይቃል። ዓይኖቹ በላይኛው ገጽ ናቸው፤ ከኋላቸውም ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ዓሣው አሸዋ ላይ ተኝቶ ሳለ ውሃ የሚስበው በእነዚህ ስለሆነ «መሳቢያ ቀዳዳ» ቢባሉ ተግባራቸው ይገለጣል። አፉ፣ አፍንጫዎቹና አምስት ጥንድ የመተንፈሻ ስንጥቆቹ በታችኛው ገጽ ይገኛሉ። ዓሣውን ከሥር የሚመለከት ሰው ሁለቱን አፍንጫዎች ዓይን ይመስሉታል፤ ከአፉ ጋር ሲጣመሩም የሚስቅ ፊት ይሆንበታል። ሥዕል እያዩ የሚተረጉሙ ሰዎች «ዓይን» ብለው የሚጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ለገጾቹ «ላዕላይ ገጽ» እና «ታሕታይ ገጽ» የሚሉት ከግእዝ የወጡ ቃላት ተመራጭ ናቸው። «ጀርባ» እና «ሆድ» ለዕለት ንግግር ቢስማሙም፣ በዚህ ዓሣ ታሕታይ ገጽ ላይ አፍም አፍንጫም ስላለ «ሆድ» ይጠብበታል።

፫. ስለ መውጊያው

አብዛኞቹ ዝርያዎች በጅራታቸው ላዕላይ ገጽ አንድ ወይም ከዚያ የበለጠ ስለታም አካል አላቸው። በሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ ሥሩ የተመለሱ ጥርሶች ተደርድረውበታል፤ በታችኛው በኩል ባሉት ሸለቆዎች ውስጥ መርዝ ያዘለ ሥጋ አለ፤ ሁሉንም ስስ ቆዳ ይሸፍነዋል። ሲወጋ ቆዳው ይቀደዳል፤ መርዙም ቍስሉ ውስጥ ይቀራል። ሲወጣ ደግሞ ጥርሶቹ ሥጋን ይዘነጥላሉ።

ለዚህ አካል «እሾህ»፣ «ወስፌ» ወይም «መንደፊያ» ማለት ይቻል ይሆናል። «እሾህ» የሚለውን በአንዳንድ ዝርያዎች ላዕላይ ገጽ ላይ ለሚገኙት ጠንካራ የቆዳ ጉጦች መተው ይሻላል፤ አለዚያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። «ወስፌ» ከሰፌድ ጋር ቢዛመድም ልሙጥ ነው፤ ሰተት ብሎ ገብቶ ሰተት ብሎ ይወጣል፤ የዚህኛው አደጋ ግን በአወጣጡ ላይ ነው። «መንደፊያ» ደግሞ ከንብና ከጊንጥ ጋር የተቈራኘ ነው፤ የሚነድፍ ነገር መጥቶ የሚነድፍ ይመስላል። ይህ ዓሣ ሰውን አሳዶ አይወጋም፤ አሸዋ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ሲረገጥ ጅራቱን ወደ ላይና ወደ ፊት ወርውሮ ይወጋል። ስለዚህ ግሡ «ወጋ»፣ መሣሪያው «መውጊያ»፣ ሙሉ ስሙም «ባለመውጊያ ሰፌድ ዓሣ» ቢሆን ለእውነቱ ይቀርባል።

የግሡ ምርጫ በማስጠንቀቂያ ላይ ያለው ውጤት ግልጽ ነው። «ይነድፋል» የተባለ ሰው ዓሣው እንዳይጠጋው ዙሪያውን ይቃኛል። «ሲረግጡት ይወጋል» የተባለ ሰው ግን እግሩን ከማንሣት ይልቅ በአሸዋው ላይ እየጎተተ ይራመዳል፤ ዓሣውም ንቅናቄውን ሰምቶ አስቀድሞ ይሸሻል። የተወጋ ሰው የሚደረግለት የመጀመሪያ ርዳታም ቍስሉን፣ ሳያቃጥል ሊታገሡት በሚችሉት ያህል ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ መንከርና በቶሎ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

፬. ስለ ሕብሩ

አማርኛ የባሕር ዓሣ ስም ቢያንሰውም፣ የእንስሳትን መልክ በመግለጽ በኩል ባለጸጋ ነው። ከብት አርቢው ቡሬን ከዳልቻ፣ ዳልቻን ከቡላ ይለያል፤ ዶሮ ገዢውም ገብስማውን ሳይሳሳት ይመርጣል። ከዚህም በላይ «-ማ» የምትለው ቅጥያ ከማናቸውም ነገር ስም የመልክ ቅጽል ታወጣለች፤ ከቡና ቡናማ፣ ከአመድ አመድማ፣ ከነብር ነብርማ፣ ከገብስ ገብስማ። ይህ ሕያው የቃል ማፍሪያ መንገድ ስለሆነ ለአዲስ ስያሜ መጀመሪያ የሚሞከረው እርሱ መሆን አለበት።

ይሁን እንጂ ቅጥያይቱ በጥንቃቄ ካልተያዘች ታሳስታለች። በውጭ ቋንቋ የብዙ ሰፌድ ዓሦች ላዕላይ ገጽ በወይራ ፍሬ መልክ ይገለጻል። ይህም ያልበሰለ የወይራ ፍሬ መልክ፣ ወደ ቡናማ ያዘነበለ አረንጓዴ ነው። «ወይራማ» ብንለው ግን ኢትዮጵያዊው አንባቢ የሚያስታውሰው ቅጠሉን፣ እንጨቱን፣ የማጠኛውን ጢስ እንጂ ፍሬውን አይደለም። በእንዲህ ያለው ቦታ «ቡናማ አዘል አረንጓዴ» ማለት ቢረዝምም ይታመናል።

ከመሠረታዊው ሕብር በላይ ያለው ዝርዝር ምልክት ደግሞ ይበልጥ መለየትን ይጠይቃል። «ዥጉርጉር»፣ «ቡራቡሬ»፣ «ነጠብጣብ» የሚሉት ቃላት በዕለት ንግግር እርስ በርስ ይተካካሉ። ለሙያ ጽሑፍ ግን በሦስት መለኪያዎች፣ ማለትም በምልክቱ ጠርዝ ጥራት፣ በመጠኑና ከጎረቤቱ ጋር በመያያዙ ልንወስናቸው እንችላለን። የሚከተለው አከፋፈል ለውይይት የቀረበ ነው።

ወጥ፤ ምልክት የሌለበት፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሕብር ያለው። ምሳሌው ሴፌን ነው፤ ላዕላይ ገጹ ግራጫ አዘል ቡናማ ወይም ጠቆር ያለ ነው። ሻካራ ቆዳው ተፍቆና ተወልውሎ ለእጀታና ለሣጥን መሸፈኛ ሲውል ኖሯል።

ነጠብጣባም፤ ጠርዛቸው የጠራ፣ የማይነካኩ ክብ ምልክቶች ያሉበት። የሊማ ላዕላይ ገጽ ቢጫ አዘል ቡናማ ሆኖ ደማቅ ሰማያዊ ነጠብጣቦች አሉበት። በብራዚል በሺንጉ ወንዝ የሚኖረውና በ1970 (እ.ኤ.አ.) የተሰየመው ፖታሞትሪጎን ሊዮፖልዲ ደግሞ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት። ይህን ዓሣ «ገብስማ» ማለት አይገባም፤ ገብስማ ጥቁርና ነጩ በረቂቁ የተሰበጣጠረ ነውና።

መረብማ፤ ምልክቶቹ ተያይዘው የመረብ ዓይን የመሰሉበት። ምሳሌው ያደገው ኡአርናክ ነው። ይኸው ዓሣ በግልገልነቱ ነጠብጣባም ሲሆን፣ እያደገ ሲሄድ ነጠብጣቦቹ በዝተውና ተቀራርበው ወደ መረብነት ይለወጣሉ። ስለዚህ ብያኔ የሚጽፍ ሰው ዕድሜውን ሳይጠቅስ መልኩን ብቻ ቢያስቀምጥ፣ አንድ ዝርያ ሁለት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

ባለጥብጣብ፤ ረዘም ያለ ቀጥተኛ መሥመር ያለበት። በሊማ ጅራት ግራና ቀኝ ሰማያዊ ጥብጣብ ይታያል። «ቴኒዩራ» የሚለው የወገን ስም ራሱ «ጥብጣብ ጅራት» ማለት ነው።

ቡራቡሬ፤ ጠርዛቸው ያልጠራ፣ መጠናቸውም የተለያየ ምልክቶች ያሉበት። «ዥጉርጉር» የሚለው ቃል ከወጥ በቀር ለሁሉም የወል መጠሪያ ሆኖ ይቈይ።

፭. ስለ ላዕላይና ታሕታይ ገጽ ልዩነት

አብዛኞቹ ሰፌድ ዓሦች ላዕላይ ገጻቸው ጠቆር ያለ፣ ታሕታይ ገጻቸው ነጭ ነው። የጠቆረው ገጽ ከባሕሩ ወለል ጋር ስለሚመሳሰል ከላይ የሚመለከት ጠላት በቀላሉ አይለየውም። በውሃ መካከል በሚዋኙ እንስሳት ላይ የዚህ ዐይነቱ መልክ ሌላ ጥቅምም ይሰጣል፤ ብርሃን ከላይ ወርዶ ጀርባን ሲያበራና ሆድን በጥላ ሲያጠቁር፣ የጠቆረው ጀርባና የነጣው ሆድ ልዩነቱን ያጠፋዋል። ይህን በ1896 (እ.ኤ.አ.) ያብራራው አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ታየር ነው።

ለዚህ ክስተት «ጥላ አጥፊ ሕብር» የሚል ስያሜ ቢማርክም፣ አንድ የስያሜ መርሕ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሚታየውን የሚገልጽ ቃልና የሚታየውን ምክንያት የሚያብራራ ቃል አንድ መሆን የለባቸውም። ላይና ታቹ የተለያየ እንስሳ ሁሉ ጥላ ለማጥፋት ነው የተለያየው ማለት አይቻልም፤ በአሸዋ ላይ የተኛ ዓሣ ታሕታይ ገጹ ከነጭራሹ አይታይምና። ስለዚህ ለሚታየው «ድርብ ሕብር»፣ ለማብራሪያው «ጥላ አጥፊ ሕብር» ማለት ይበጃል። ድርብ ሕብር የሌለው ሰፌድ ዓሣም አለ። ከባሕር ወለል ርቆ በሰፊው ውቅያኖስ የሚኖረው ፕቴሮፕላቲትሪጎን ቪዮላሲያ ላዩም ታቹም ጥቁር ሐምራዊ ነው። «ሰፌድ ዓሣ ሁሉ ሆዱ ነጭ ነው» የሚል ብያኔ የጻፈ መዝገበ ቃላት በዚህ አንድ ዓሣ ይፈርሳል።

፮. ሰማያዊ ሳይኖር ሰማያዊ

እስካሁን «ቀለም» ከማለት ይልቅ «ሕብር» የሚለውን ቃል የመረጥንበት ምክንያት አለ። በአማርኛ «ቀለም» መጻፊያውን፣ መቀቢያውንና የሚታየውን መልክ በአንድነት ይጠራል። ስለ ግድግዳ ስንናገር ይህ አያውክም፤ የተቀባው ቀለምና የሚታየው ቀለም አንድ ነውና። በሊማ ነጠብጣብ ላይ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዓሣው ቆዳ ውስጥ ሰማያዊ የሆነ ምንም መቀቢያ የለም። ያሉት እጅግ ጥቃቅን ብርሃን መላሽ ቅንጣቶችን የያዙ ረቂቅ ድብልብሎች ናቸው፤ አደራደራቸው ከብርሃኑ ውስጥ ሰማያዊውን ብቻ መርጦ ይመልሳል። ከሥራቸው ያለው ሜላኒን የተባለ ጥቁር ንጥረ ነገር የቀረውን ብርሃን ይውጣል። በዚህም ምክንያት ሰማያዊው ከየትኛውም አቅጣጫ ሲታይ አይለወጥም።

ስለዚህ «ሊማ ሰማያዊ ቀለም አለው» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ቀለም መቀቢያ ከሆነ ሐሰት፣ መልክ ከሆነ እውነት ይሆናል። የሙያ ቋንቋ እንዲህ ያለውን መንታነት ሊሸከም አይችልም። በግእዝ መልክንና ቀለምን የሚያመለክተው «ሕብር» ለሚታየው፣ «ቀለም» ደግሞ መልኩን ለሚሰጠው ንጥረ ነገር ቢመደቡ ችግሩ ይቃለላል። ያን ጊዜ «የሊማ ነጠብጣብ ሕብሩ ሰማያዊ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ ሰማያዊነቱም የአደራደር ውጤት ነው» ብሎ ያለ ድንግርግር መጻፍ ይቻላል። በአጻጻፍም ይህን «ሕብር» ኅብረትን ከሚያመለክተው «ኅብር» ጋር አለማደባለቅ ያስፈልጋል።

የቃላት ጥራት ለዚህ ዓሣ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። የፎርስኮል ዓሦች ቆዳቸው ደርቆ፣ እንደ ዕፀዋት ቅጠል በወረቀት ላይ ተለጥፎ እስከ ዛሬ በኮፐንሃገን ይገኛል። የደረቀ ቆዳ ቅርፅን ያቈያል፤ ሕያው መልክን ግን አያቈይም። የናሙናው መልክ ከደበዘዘ በኋላ የሚቀረው ተመልካቹ በዚያን ጊዜ የመረጠው ቃል ነው።

፯. የብያኔ ናሙና

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች በአንድ የመዝገበ ቃላት ፍች ውስጥ ሲሠሩ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት፣ የሚከተለው ናሙና ቀርቧል።

«ባለመውጊያ ሰፌድ ዓሣ፤ (ስም)። በባሕርና በአንዳንድ ወንዞች የሚኖር፣ አጥንቱ ልም የሆነ ጠፍጣፋ ዓሣ። ጭንቅላቱና የጎን ክንፎቹ ተዋሕደው ክብ፣ ሞላላ ወይም ማዕዘናም ሰፌድ ይሆናሉ። ዓይኖቹና መሳቢያ ቀዳዳዎቹ በላዕላይ ገጹ፣ አፉ፣ አፍንጫዎቹና መተንፈሻ ስንጥቆቹ በታሕታይ ገጹ ይገኛሉ። ጅራቱ ቀጭን ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሳምና መርዛም መውጊያ አለበት፤ ሲረግጡት ይወጋል። ሕብሩ በብዙዎቹ ድርብ ነው፤ ላዕላይ ገጹም እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ወጥ ወይም ዥጉርጉር (ነጠብጣባም፣ መረብማ፣ ባለጥብጣብ፣ ቡራቡሬ) ይሆናል።»

ይህ ፍች ከባዕድ ቋንቋ የተዋሰው አንድም ቃል የለም፤ ቢሆንም ከሳይንሱ አንዳች አላጎደለም። ዝርያዎቹን ለይቶ መጥራት ሲያስፈልግ የላቲኑ ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፍ፤ መልካቸውን መግለጽ ሲያስፈልግ ግን ቃሉ ከሰፌዱ፣ ከመረቡና ከጥብጣቡ ይምጣ። ተርጓሚዎችና የሥነ ሕይወት መምህራን እነዚህን ስያሜዎች በሥራ ላይ አውለው፣ የሚጐረብጠውንና የሚስማማውን ለይተው አስተያየታቸውን ቢሰጡበት፣ ለቀጣዩ የስያሜ ዝርዝር ጠንካራ መሠረት ይሆናል።